ሳይሰካ የሚያጉረመርመው ኮምፒውተሬ

ሰው ሞኝነቱን ሲያወራ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ከወደቀበት፣ ከተሳቀበት። እኔ ግን ከመጀመሪያው ነው የምነሣው። የኔ ሞኝነት በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። ወራት ፈጅቷል፣ ልኬት ተወስዶለታል፣ ብሎንና ሙጫ ገብቶበታል። ይህን ያህል የተለፋበት ነገር ከመሀል ተቆርጦ ቢወራ ያሳዝናል።

ፍኖተ ሰላም፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት የምሠራባት አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። ሱቅ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳታስቡ። አንድ ባለጉዳይ ገብቶ ሲቀመጥ እኔ እግሬን የማደርግበት ይጠፋኛል። ሥራዬ ማመልከቻ፣ የክስ መልስ፣ የሠርግ ጥሪ፣ አንዳንዴም የተማሪ ፈተና መተየብ ነው። ጊዜው ተንቀሳቃሽ ስልክ ከተማችን ገብቶ ሰው ገና መንገድ ላይ ቆሞ እየጮኸ የሚያወራበት፣ ላፕቶፕ የሚባለው ደግሞ ለስብሰባ በሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ጭን ላይ ብቻ የሚታይበት ነበር።

የነበረኝ ኮምፒውተር ትልቁ ዓይነት ነው፤ ወለል ላይ እንደ ጤፍ ጆንያ የሚቆም። ክረምት ሲሆን ጎርፉ በበሩ ሥር ገብቶ እግሩን ያጥበዋል። በጋ ሲሆን ደግሞ ባለጉዳዮቼ አያስቀምጡትም። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ከጅጋ መጥተው፣ የድንበር ክርክር ማመልከቻ ሊያስጽፉ ተቀምጠው፣ ለገበያ ያመጧትን ዶሮ ከኮምፒውተሩ ሽቦ ጋር አስረዋት ኖሯል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ዶሮዋ ድመት አየች። ሽቦው ተነቀለ፣ ማመልከቻውም እንዳለ ሄደ። ሰውዬው "ምነው ዝም አልህ ልጄ፣ ጻፍ እንጂ" አሉኝ። እንደገና ከ"ለተከበረው ፍርድ ቤት" ጀመርን። ኮምፒውተሬ ከወለል ተነሥቶ መደርደሪያ ላይ መውጣት እንዳለበት የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

መደርደሪያዬ ግን ጠባብ ናት። ኮምፒውተሩ ማነስ አለበት። ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ሱቅ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አየሁ፤ የእንጀራ ሌማት ክዳን የማታህል። ልቤ ወዲያው ሄደ። ነገር ግን ከጀርባዋ ጥቁር ጡብ የመሰለ ነገር በሽቦ ተንጠልጥሏል።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኩት ባለሱቁን።

"ፓወር ሰፕላዩ ነዋ። ከግድግዳ የመጣውን መብራት የሚመጥንላት እሱ ነው። ጠባብ ስለሆነች ውስጧ አይገባም፣ ውጭ ይቀራል።"

አልወደድኩትም። ኩላሊቱን በእጁ ይዞ የሚዞር ሰው መሰለችኝ። እኔ የምሠራው ሁሉም ነገር ሆዱ ውስጥ የሆነ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ሽቦ ብቻ ያለው መሆን አለበት አልኩ። ይህን እንዳደርግ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያገለገለች ትንሽ ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚሰካባትን ሰሌዳ፣ ገዛሁና በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌያት ተመለስኩ።

ሳጥኑን የሠሩልኝ አያ ልመንህ ናቸው። አያ ልመንህ በከተማው ዳር፣ በቡሬ መውጫ በኩል፣ ለገበሬዎች ዘመናዊ የንብ ቀፎ የሚሠሩ አናጢ ናቸው። ሌላ ነገር ሲሠሩ ያየ የለም። አልጋ ቢያዟቸው "ሌላ ሰው ፈልግ" ይላሉ። ሳጥን ግን ሳጥን ነውና ልኬቱን ወረቀት ላይ አየት አድርገው "ይህማ የቀፎ ግማሽ ነው" አሉና ተቀበሉኝ። ኮምፒውተር እንደሚገባበት ነግሬያቸዋለሁ፤ አልደበቅሁም። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ሳጥኑ ደርሷል። ውስጡ ሰም ተቀብቷል፣ በጠጅ ሳር ታሽቷል፣ በወይራ ጭስም ታጥኗል። ከታች በፊት ለፊቱ በኩል ጣት የምታስገባ ጠባብ አፍ አለችው።

"አያ፣ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?" አልኳቸው።

"ከእጄ የሚወጣ ሳጥን እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣ" አሉ። "ሳላጥን ብሰጥህ እኔን ቅር ይለኛል።"

ሽታው ደስ ይላል። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

ከዚያ የመጠቅጠቅ ሥራ መጣ። ማዘርቦርዷ ገባች። ሃርድ ዲስኩ፣ ማለትም የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጥበት የጸሎት መጽሐፍ የምታህል ብረት፣ ገባ። ፓወር ሰፕላዩ ግን ከትልቁ ኮምፒውተር የነቀልኩት ስለሆነ አልገባ አለ። በግራ ሞከርኩት፣ በቀኝ ሞከርኩት፣ አስተኛሁት። በመጨረሻ "የብረት ልብሱን ባወልቅለት ይቀጥናል" ብዬ ፈታሁት። ከተነቀለ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ ምን ያደርገኛል ብዬ ጣቴን ሰደድኩ። መታኝ። እኔ ወደ ኋላ፣ ወንበሩ ወደ ፊት፣ ፒንሳው ወደ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድን። ልብስ ሰፊው ፒንሳውን ይዞ መጥቶ "ይህ የአንተ ነው?" አለኝ፤ እኔ ግን ለጊዜው መናገር አልቻልኩም።

ከዚህ አደጋ አንድ ትምህርት ቀሰምኩ። ፓወር ሰፕላይ ተነቅሎም ቢሆን መብራት አስቀርቶ ያስቀምጣል። ይህ እውነት ነው፤ ማንም የዘርፉ ሰው ይነግራችኋል። ጥፋቱ ከዚህ እውነት ተነሥቼ በደረስኩበት ቦታ ላይ ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ሲገባ ፍሎፒ የሚገባበት መሣሪያ ቦታ አጣ። ያኔ የተጻፈ ነገር ወደ ሌላ ቦታ የሚገለበጠው በፍሎፒ ነው። "ምን ያደርግልኛል፣ ሁሉም ሆዱ ውስጥ ነው" ብዬ ተውኩት። ሳጥኑን ስዘጋው አማረ። ስሰካው ሠራ። ጮኼ ዘለልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን እንቁላል ይቀቅላል። የፓወር ሰፕላዩ ትኩሳት መውጫ የለውም። እዚህ ላይ ራሴን በጣም አደንቃለሁ። ሱቄ የጭቃ ግድግዳ ናት። መደርደሪያው አጠገብ ግድግዳውን በስቼ፣ የሳጥኑን አፍ ከቀዳዳው ጋር ገጥሜ፣ ዙሪያውን በጭቃ መረግሁት። ትኩስ አየሩ በቀጥታ ወደ ጓሮ ይወጣል። ጓሮው የግራዋ ቁጥቋጦ ነው፤ ሰው አያልፍበትም።

የኔታ ጥበቡ የመጡት በዚህ መካከል ነው። የኔታ ዓይናቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የማያይ፣ ከከተማው አጠገብ ባለው ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ቅኔ በማኅሌት አንድ ቀን ይባልና ያልፋል፤ የሚቀረው በሰማው ሰው ልብ ነው። የየኔታ መምህር በሕይወት ሳሉ አንድም አልጻፉም። የሰሟቸው ደቀ መዛሙርት አንድ በአንድ አርፈዋል። የቀሩት የኔታ ናቸው።

"እኔ ስሞት መምህሬ ሁለተኛ ይሞታሉ" አሉኝ። "ጻፍልኝ። አንድ ላይ ጠርዘን ለደብሩ ዕቃ ቤት እናስገባለን።"

እሺ አልኩ። ከሰኔ እስከ መስከረም በሳምንት ሦስት ቀን ከደብሩ በር እየተቀበልኩ አመጣቸዋለሁ። እሳቸው ከባለጉዳይ ወንበር ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ይላሉ፤ እኔ እተይባለሁ። ክረምቱ መካከል ወባ ይዟቸው ሁለት ሳምንት ቀሩ። ሲመለሱ ቀስ ይሉ ነበር፤ አንዳንዱን ጀምረው ረጅም ዝም ይላሉ። እኔም ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ "እሺ የኔታ" እያልኩ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን "ከገባ በኋላ መሰረዝ ይቻላል?" ብለው ጠየቁኝ። ለቅኔዎቹ የሰጉ መስሎኝ "እዚህ ሳጥን ውስጥ የገባ ነገር ማንም አይነካውም" ብዬ አጽናናኋቸው።

ለማተም ስንዘጋጅ፣ ልክ በመስቀል ማግስት፣ የገበያው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። የኛ ሰፈር መብራት ጠፋ። ነገ ይመጣል ተባለ። ነገ መጣ፣ መብራቱ አልመጣም። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ ገዛ፣ ጸጉር አስተካካዩ ወደ መቀስ ተመለሰ፣ እኔ ሱቄን ከፍቼ እቀመጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል።

መብራት የለም። ሽቦው እንደውም አልተሰካም፤ መብራቱ በድንገት ሲመጣ እንዳይጎዳው ነቅዬዋለሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። እንደ ማቀዝቀዣው ፋን ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ያልተቋረጠ። እጄን ሳጥኑ ላይ አደረግሁ፤ ይሞቃል። ትንሽ ፈራሁ። ቀጥሎ ግን ያ የመታኝ ቀን ትዝ አለኝ። ለካ ፓወር ሰፕላዩ ያን ሁሉ ወር መብራት ሲያስቀር፣ ሲያስቀር ኖሯል! የብረት ልብሱን ማውለቄ ደግሞ ረድቶታል አልኩ። ለምን እንደሚረዳው አትጠይቁኝ፤ እኔም ያኔ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ድምፁ ከፍ አለ። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ይሰማል። "እየሞላ ነው" አልኩ። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ምንም። "ለፋኑ በቅቷል፣ ለስክሪኑ ገና ነው።" በየጠዋቱ እየገባሁ እጫናለሁ። ለልብስ ሰፊው ነገርኩት። ልብስ ሰፊው ለደንበኞቹ ነገረ። በሳምንቱ ሰው እየመጣ ጆሮውን ሳጥኔ ላይ ይለጥፍ ጀመር።

የኔታም መጡ። ገና ደጃፉን ሲያልፉ ቆሙ።

"ልጄ፣ መኪናህ ዛሬ ብዙ ነው" አሉ።

"አይ የኔታ፣ ያው አንድ ነው። መብራት ስላጠራቀመ ነው ድምፁ የጨመረው።"

"እንዴት ያጠራቅማል?"

አስረዳኋቸው። ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"እኛ በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለን እንዲህ ያለ ድምፅ ከግራር ግንድ ውስጥ እንሰማ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ግን አንተ የሠራኸውን አንተ ታውቃለህ።"

እንዲህ በጨዋ ደንብ የተነገረኝን ነገር እኔ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ወሬው እስከ ወረዳ ድረስ ዘለቀ። አንድ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ባለሙያ ደብተር ይዞ መጣ። "ያለ መብራት የሚሠራ ኮምፒውተር የሠራኸው አንተ ነህ?" አለኝ።

"ለመሥራት እየተዘጋጀ ያለ" አልኩት። ይህን በሐቀኝነት ተናግሬያለሁ፤ ምስክር አለኝ። እሱ ግን ደብተሩ ላይ "የሚሠራ" ብሎ ጻፈ። ለወጣቶች አርአያ እንደሚሆን፣ ሁለት ኃላፊዎች ይዞ በገበያ ቀን እንደሚመጣ፣ ፎቶም እንደሚነሣ ነገረኝ። ያን ሳምንት ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስጠረግሁ። ንግግርም አዘጋጀሁ፤ "ከትንሽ ተነሥተን" ብሎ የሚጀምር።

ቀኑ ደረሰ። ኃላፊዎቹ መጡ፣ ካሜራ የያዘ ሰው መጣ፣ ከገበያ የሚያልፈው ሁሉ ቆመ። የኔታን ከውስጥ ከወንበሩ አስቀመጥኳቸው፤ የሳጥኑ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ናቸውና። ሳጥኑን የሠሩት አያ ልመንህም ኮት ለብሰው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው ሲያበቁ እንደዋዛ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰውም ጠበቅ አድርገው አደረጉት።

"ልጄ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይህን ክዳን በቀን አይከፍቱትም።"

"አያ፣ ይህ እኮ የእንጨት ሥራ አይደለም" አልኳቸው።

እንዲህ አልኳቸው! በሰው ፊት፣ ካሜራ እየተመለከተ። ከዚያ ወዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ መንገድ ላይም ብሆን ቆም እላለሁ።

አንደኛው ኃላፊ "እስቲ ሆዱን እንየው" አለ። ብሎኖቹን ፈታሁ። አያ ልመንህ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ ከበሩ ወጡ። የኔታ ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ከራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተከናነቡ። እኔ "ከትንሽ ተነሥተን" ብዬ ክዳኑን አነሣሁት።

መጀመሪያ ያየሁት ማዘርቦርድ አልነበረም። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሦስት ረድፍ እንጀራ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቡናማ ነገር ይንቀሳቀሳል። "ምን ዓይነት ሽቦ ነው?" ብዬ ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። ከዚያ ጊዜ አላገኘሁም።

አንደኛው ኃላፊ በበሩ ወጣ፣ ሁለተኛው በልብስ ሰፊው በኩል ባለው መስኮት። ባለሙያው ደብተሩን ራሱ ላይ አድርጎ እህል የጫኑ አህዮች መካከል ገባ፤ ንቦቹም ተከተሉት። አህያ ንብ አይችልም። የበርበሬ ሻጮቹ ድንኳን ወደቀ፤ ንብ ያልነደፈው ሰው ሁሉ በበርበሬ አነጠሰ። ካሜራ የያዘው ሰው አንድ ፎቶ ብቻ አንሥቷል፤ አፌን ከፍቼ የቆምኩበትን።

እኔ መሸሽ ነበረብኝ። ግን ሃርድ ዲስኩ እዚያ ውስጥ ነው። የአንድ ሊቅ ዕድሜ ሙሉ ድካም፣ ሌላ ቦታ ያልተገለበጠ፣ ያልታተመ፣ ከነዚያ ንቦች ሥር ነው። እጄን ሰደድኩ። አልደረስኩበትም፤ እነሱ ግን ደረሱብኝ። ቅንድቤን፣ ከንፈሬን፣ ጆሮዬን፣ ስማቸውን የማልጠራቸውን ቦታዎች። እየጮህኩ "የኔታ ቅኔው! የኔታ ቅኔው!" እል ነበር አሉ። የኔታ ከጋቢያቸው ሥር ንቅንቅ አላሉም፤ አንድም ንብ አልነካቸውም። ጋቢው በአፋቸው በኩል ይርገበገብ ነበር። እየጸለዩልኝ መሰለኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ልመንህ ጭስ ይዘው ተመለሱ። መንጋው ከሦስት ሳምንት በፊት በጓሮው ቀዳዳ መግባቱን፣ አውራዋም ደህና መሆኗን አረጋገጡልኝ። ሰሙና ጠጅ ሳሩ እንደጠራቸው፣ ጨለማና ጠባብ ቦታ ማግኘታቸውን፣ ከዚህ የተሻለ ቀፎ እሳቸውም እንዳልሠሩ እያስረዱ አጨሱ። አልተቆጡም። እንደውም ኮሩብኝ። ማዘርቦርዷ ላይ የማር እንጀራው ስለተጣበቀ "አሁን ብትነቅላት መንጋው ይሄድብሃል፣ ይህ ሲሳይ ነው፣ አይገፋም" አሉና ሳጥኑን እንዳለ ተሸክመው ወሰዱት። እኔ ያወጣሁት ሃርድ ዲስኩን ብቻ ነው፤ በንብ ሙጫ ተለስኖ፣ ማር እያንጠባጠበ።

"ጠፋ?" አሉኝ የኔታ፣ ወደ ቤታቸው ሳደርሳቸው።

"አላውቅም የኔታ። የጠፋ ይመስለኛል።"

መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ከንድፊያው ሁሉ ያ ባሰብኝ።

በማግስቱ ብረቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ባሕር ዳር ተሳፈርኩ። አንድ ዓይኔ አያይም፣ ከንፈሬ ከኔ ቀድሞ ይሄዳል። መራዊ ላይ ሽንኩርት ይዘው የገቡ አንዲት እናት ፊቴን አይተው "ማን ነው እንዲህ የደበደበህ? ክሰሰው እንጂ" አሉኝ። "ኮምፒውተር ነው" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቦታ ቀየሩ።

ባሕር ዳር ያለው የጥገና ባለሙያ ብረቱን አሸተተው። "ይህ ማር ነው?" አለ። ነው አልኩት። ከዚያ በላይ ሳይጠይቅ በአልኮል ጠረገው፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ብረቱ ድፍን ስለሆነ ወደ ውስጥ የገባ ነገር አልነበረም። ፋይሉ ተከፈተ። የመጀመሪያው ቅኔ፣ የመጨረሻው ቅኔ፣ ሁሉም። አለቀስኩ፤ ዓይኔ ስላበጠ ማንም አላወቀብኝም። እዚያው ሁሉንም በወረቀት አሳተምኩ፣ በሲዲም አስገለበጥኩ። ስመለስ ሱቄን እንኳ ሳላይ ወረቀቱን ከጃኬቴ ሥር አድርጌ በቀጥታ ወደ የኔታ ቤት ሄድኩ። እንዴት እንደምነግራቸው መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል ነበር።

መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። በአረማመዴ አወቁኝ።

"እንኳን መጣህ። ቁጭ በል። አንዳች አትናገር፣ እኔ ልቅደም።"

ቁጭ አልኩ።

"ወባው ከያዘኝ በኋላ" አሉ፣ "የመምህሬ ቅኔ እየከዳኝ መጣ። ጫፉን እይዘዋለሁ፣ መካከሉ ይጠፋኛል። አንተ ትጠብቃለህ። 'እሺ የኔታ' ትለኛለህ። ጠፋኝ ማለት አፈርኩ፤ ዕድሜዬን በቃሌ ያስተማርኩ ሰው! ሞላሁበት።"

"ሞሉበት?"

"ከራሴ። መጀመሪያ አንዲት ቃል ነበረች። ኋላ አንድ ቤት። ኋላማ ሙሉውን ከራሴ አወጣሁና በእሳቸው ስም አስጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ እህል አልጣመኝም። እሰርዘው ብዬ ብጠይቅህ ማንም አይነካውም አልኸኝ። እንግዲህ ያ መንጋ ሲወጣ፣ አንተ ስትጮህ፣ እኔ ከጋቢዬ ሥር ተመስገን እል ነበር። አንተ ተነድፈህ እኔ ተመስገን ማለቴ ኃጢአት ነው። ይቅር በለኝ ልጄ።"

ምን ልበላችሁ? ወረቀቱ ደረቴ ላይ ነው። ዝም ብዬ ተነሥቼ ብወጣ፣ ጓሮ ቆፍሬ ብቀብረው፣ እኚህ ሽማግሌ በሰላም ያርፋሉ። ግን ደግሞ መምህራቸው አብረው ይቀበራሉ። በሕይወቴ ሐሳብ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ተቀምጬ ስቁነጠነጥ ወረቀቱ ድምፅ አሰማ።

"ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?" አሉ።

ለእሳቸው ጆሮ መዋሸት አይቻልም። "እሱ ነው የኔታ። ተገኘ።"

ፊታቸውን ወደ ደረቴ አዞሩ።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"የኔም?"

"የእርስዎም።"

ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ተነሣሁ፤ እየሳቁ ነበር። "አይ አንተ ልጅ! ያን ያህል ንብ እንኳ አላስጣለህም?" አሉ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "በል እንግዲህ አንብብ። የእሳቸውንና የኔን እንለይ።"

ሦስት ቀን ፈጀብን። እኔ አነባለሁ፤ ግእዜ ደካማ ስለሆነ እየተሳቀቁ ይሰሙኛል። "የእሳቸው" ሲሉ በቀኜ አስቀምጣለሁ፣ "የኔ" ሲሉ በግራዬ። የግራው እየበዛ ሲሄድ ድምፃቸው መጀመሪያ ይሰበር ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን አንዳንዱን "የኔ" ሲሉ ፊታቸው ይበራ ጀመር።

"ይህ እኮ ጥሩ ነው የኔታ" አልኳቸው አንዱን።

"አንተ ምን ታውቃለህ" አሉኝ። ቀጥለው ግን "እስቲ ድገመው" አሉ።

የቀኙ ሠላሳ ምናምን ሆነ። ለደብሩ የሚገባው እሱ ነው ተባለ፤ የግራው ለብቻው፣ በስማቸው። የመጨረሻዋን ወረቀት አነበብኩ። ድገም አሉኝ፤ ደገምኩ። ሦስተኛ አነበብኩ። እጃቸው መቋሚያውን አጥብቆ ያዘ።

"የማን ናት?" አልኩ።

"ስትጀምር የእሳቸው ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ከመካከሏ በኋላ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። አሁን ስታነባት ግን ድምፃቸውን ሰማሁ። ያስታወስኩ ይሁን ያወጣሁ አላውቅም።"

"ታዲያ የት ላስቀምጣት?"

እጃቸውን ዘረጉ። "ከሁለቱም አታስገባት። ለኔ ስጠኝ።"

አቀበልኳቸው። የማያዩትን ጽሑፍ በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ከዚያ አራት አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር፣ ከደረታቸው አስገቧት።